በማድረሻ ቀን ውስጥ ያለ ጭስ

ዕቃ ለማጓጓዝ በሚሞላ የትእዛዝ ቅጽ ላይ ሰዎች ብዙም ሳያስቡ የሚሞሉት አንድ ቦታ አለ፤ ዕቃው የሚደርስበት ቀን። የዕቃውን ዓይነት፣ ክብደቱን፣ ይዘቱንና ዋጋውን ሲጽፉ ደጋግመው ያረጋግጣሉ፤ ቀኑን ግን አብዛኛውን ጊዜ «በተቻለ ፍጥነት» ብለው ያልፉታል። የጭነት መስመር ማዘጋጀት የዕለት ተዕለት ሥራዬ ስለሆነ ይህን ቅጽ ለዓመታት ሳገላብጥ ኖሬያለሁ፤ ከጊዜ ወደ ጊዜም አንድ ነገር እየጠራልኝ መጥቷል። ያ ጭነት በጉዞው ምን ያህል ነዳጅ እንደሚያስቃጥልና ምን ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወደ አየር እንደሚያስለቅቅ ከሞተሩም ከነዳጁም ቀድሞ የሚወስነው ይኸው ቀን ነው። ቀኑ ሰፋ ያለ ከሆነ ዕቃው ረጅሙን መንገድ በባሕር፣ አጭሩን በመኪና ይሄዳል። ከጠበበ ሙሉው መንገድ ለመኪና ይተዋል። ይበልጥ ሲጠብ ደግሞ ዕቃው አውሮፕላን ላይ ይወጣል።

የማጓጓዣ ዘዴዎችን ለማወዳደር የምንጠቀምበት መለኪያ ቶን-ኪሎ ሜትር ነው፤ አንድ ቶን ዕቃ አንድ ኪሎ ሜትር ተጓዘ ማለት ነው። የአውሮፓ የአካባቢ ኤጀንሲ ለ2018 ያወጣው አማካይ ስሌት (በዚህ ጽሑፍ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው) በአንድ ቶን-ኪሎ ሜትር የባሕር ማጓጓዣ 7 ግራም፣ ባቡር 24 ግራም፣ በወንዝና በቦይ የሚሄድ ጀልባ 33 ግራም፣ ከባድ መኪና 137 ግራም፣ የአየር ጭነት ደግሞ 995 ግራም በካይ ጋዝ እንደሚለቁ ያሳያል። ነዳጁ ራሱ ሲመረትና ሲከፋፈል የሚወጣው ጋዝም በዚህ ውስጥ ተቆጥሯል። በእነዚህ አማካዮች ከሄድን፣ አንድ ቶን ዕቃ በአውሮፕላን መላክ 140 ቶን ዕቃ በመርከብ ያንኑ ያህል ርቀት ከማስኬድ ጋር በልቀት ይስተካከላል።

አማካይ ቁጥር ግን ብዙ ነገር ይሸፍናልና አንዱን ከፍቼ ላሳይ። አንድ ሊትር ናፍጣ ሲቃጠል 2.65 ኪሎ ግራም ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣዋል። 25 ቶን የጫነ ባለ ተሳቢ መኪና በ100 ኪሎ ሜትር 30 ሊትር ቢፈጅ 80 ኪሎ ግራም ገደማ ለቀቀ ማለት ነው፤ ይህ ለ2,500 ቶን-ኪሎ ሜትር ሲካፈል 32 ግራም ይመጣል። ይህ መኪናው ጢም ብሎ በሞላበት መልካም ቀን የሚገኝ ቁጥር ነው። ያው መኪና ባዶውን ሲመለስ በ100 ኪሎ ሜትር 22 ሊትር ቢፈጅ፣ የመመለሻው ጭስም በሄደው ዕቃ ላይ ስለሚታሰብ፣ ቁጥሩ ወደ 55 ግራም ከፍ ይላል። ጭነቱ 12 ቶን ብቻ ሆኖ መመለሻውም ባዶ ከሆነ ከ100 ግራም ያልፋል። መኪናው አልተለወጠም፤ ነዳጁም ሾፌሩም ያው ናቸው፤ የተለወጠው መኪናው ላይ የተሞላው ቦታ ነው። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች የጭነት መኪኖች ከሚጓዙት ርቀት አንድ አምስተኛ ያህሉ ባዶ ጉዞ ነው። በአንድ በኩል የሚሄደው ዕቃ በሌላው በኩል ከሚመጣው ስለሚበልጥ ይህን ሁሉ ማስቀረት አይቻልም። ሆኖም እኔ በሥራዬ የማየው አብዛኛው ባዶ ጉዞ የሚመጣው መኪናው የመመለሻ ጭነት እስኪያገኝ አንድ ቀን እንኳ እንዲቆይ ስለማይፈቀድለት ነው። ግማሽ ጭኖ የሚነሣውም ቀሪው ዕቃ ነገ እንደሚደርስ እየታወቀ ዛሬ መነሣት ስላለበት ነው።

መርከብ ቆጣቢ የሚሆነው ክብደቱን ውሃው ስለሚሸከምለት ነው። መኪና የጫነውን ሁሉ በጎማው ላይ ተሸክሞ ከአስፋልቱ ጋር እየተፋተገ፣ ዳገት እየወጣ፣ በየመብራቱና በየመዞሪያው እየቆመና እንደገና እየተነሣ ይሄዳል። መርከብ ዳገት የለበትም፤ አንድ ጊዜ ከተንቀሳቀሰ በኋላ ሞተሩ የሚታገለው ከውሃውና ከነፋሱ ጋር ብቻ ነው። መርከቡ በተለቀ ቁጥር ደግሞ የሚይዘው ዕቃ ከሚገጥመው የውሃ ግፊት በፈጠነ መጠን ይጨምራል፤ ስለዚህ በትልቅ መርከብ ላይ ለአንዱ ቶን የሚደርሰው ነዳጅ ያንሳል። ከዓለም ንግድ በመጠን ከ80 በመቶ በላይ የሚሆነው በባሕር ተጉዞ ሳለ፣ ዓለም አቀፉ የማሪታይም ድርጅት በ2020 ባወጣው አራተኛ ጥናት መሠረት የባሕር ማጓጓዣ ድርሻ በ2018 ከሰው ልጅ አጠቃላይ የበካይ ጋዝ ልቀት 2.89 በመቶ የነበረው በዚህ ምክንያት ነው። ድርሻው ትንሽ ነው ማለቴ አይደለም፤ በዚያው ዓመት ከመርከቦች የወጣው ጋዝ ከ1 ቢሊዮን ቶን በላይ ነው። ነገር ግን ያ ሁሉ ዕቃ መኪና ላይ ቢጫን ኖሮ ምን ይመስል እንደነበር ከላይ ያሉት ቁጥሮች ይነግሩናል።

መርከብ ግን ይህን ጸጋውን በፍጥነት ሊያጣው ይችላል። ሞተሩ የሚጠየቀው ኃይል ከፍጥነቱ ጋር እኩል አይጨምርም፤ በግምት የፍጥነቱን ሦስተኛ ርቢ ተከትሎ ነው የሚያድገው። ፍጥነቱ በ10 በመቶ ሲቀንስ የሚፈለገው ኃይል ከሩብ በላይ ይቀንሳል፤ ጉዞው ስለሚረዝም ሞተሩ ረዘም ላለ ጊዜ ቢሠራም እንኳ ለመላው ጉዞ የሚቃጠለው ነዳጅ በ19 በመቶ ገደማ ያንሳል። ፍጥነቱን በ20 በመቶ መቀነስ የጉዞውን ነዳጅ ከሲሶ በላይ ያስቀራል። አንድ ቶን ከባድ የመርከብ ነዳጅ ሲቃጠል ከ3.1 ቶን በላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እንደሚወጣው፣ ትልቅ የኮንቴይነር መርከብም በቀን ብዙ አሥር ቶኖች እንደሚያቃጥል ላሰበ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ከ2008ቱ የገንዘብ ቀውስ በፊት የተሠሩት ታላላቅ የኮንቴይነር መርከቦች 24 እና 25 ኖት (አንድ ኖት በሰዓት 1.85 ኪሎ ሜትር ያህል ነው) እንዲሄዱ ታስበው የተሠሩ ነበሩ። ቀውሱ ጭነት ሲያሳጣ ነዳጁም ውድ ስለነበር ኩባንያዎቹ መርከቦቻቸውን ወደ 18 ኖትና ከዚያም በታች አወረዱ። ያደረጉት ለአየር ንብረት ተጨንቀው ሳይሆን ወጪ ለመቆጠብ ነው፤ ውጤቱ ግን ባለፉት ሁለት አሥርት ዓመታት በባሕር ላይ ከታዩት የልቀት ቅነሳዎች ሁሉ ከዋነኞቹ አንዱ ሆነ። አዲስ ነዳጅም አዲስ ማሽንም አላስፈለገም፤ ያስፈለገው ተጨማሪ ቀን ነው።

ባሕርና መንገድ የተጋቡበት ታሪክም ለዚህ ነገር ቅርብ ነው። ኮንቴይነርን ለንግድ ያበቃው ማልኮም ማክሊን የመርከብ ሰው አልነበረም፤ የጭነት መኪና ድርጅት ባለቤት ነበር። በ1950ዎቹ መጀመሪያ ላይ ያስጨነቀው ነገር በአሜሪካ ምሥራቃዊ ጠረፍ ባሉት አውራ ጎዳናዎች ላይ መኪኖቹን የሚያጉላላው መጨናነቅ ነበር። መጀመሪያ ያሰበው ተሳቢዎቹን ከነጎማቸው መርከብ ላይ አስገብቶ ረጅሙን መንገድ በባሕር ለማሻገር ነው። ቀጥሎ ግን ጎማውና የታችኛው ብረት የሚይዙትን ቦታ አሰላና ሳጥኑን ብቻ ነቅሎ መጫን የተሻለ መሆኑን አየ። ኤፕሪል 26 ቀን 1956 «አይዲያል ኤክስ» የተባለች የተሻሻለች የነዳጅ መርከብ 58 ሳጥኖች ጭና ከኒዋርክ ወደ ሂዩስተን ተነሣች። ስለ ልቀት ያኔ የሚነጋገር ሰው አልነበረም፤ ሆኖም ዛሬ የመንገድ ጭነትን ወደ ባሕር ማሻገር ስንል የምንናገረው ሐሳብ ያው ነው፤ ረጅሙን ለመርከብ፣ የዳርና ዳሩን ለመኪና መስጠት።

ማክሊን ያሰላው የጎማና የብረት ትርፍ ጭነት ነገር እስከ ዛሬ ድረስ ወሳኝ ነው። ባለ 40 ጫማ ኮንቴይነር ባዶውን 4 ቶን አይሞላም። ተሳቢ ከነጎማው 7 ቶን ያህል ይመዝናል፤ ጎታቹ ሲጨመርበት 15 ቶን ይደርሳል። ስለዚህ መኪና ከነሾፌሩ ገብቶ በሚሻገርበት የሮ-ሮ መርከብ ላይ መርከቡ ከዕቃው ጋር ብዙ ብረት፣ ብዙ ጎማና ብዙ ባዶ አየር ያሻግራል። ከዚህ የሚሻለው ተሳቢው ብቻውን የሚሄድበት አሠራር ነው። ሥራውን በቅርብ ያየ ሰው ውበቱ ይገባዋል፦ ሾፌሩ ተሳቢውን በወደቡ ግቢ አቁሞ፣ የአየር ቱቦዎቹንና የመብራት ገመዱን ነቅሎ፣ ጎታቹን አላቅቆ ሌላ ተሳቢ ይዞ ይመለሳል። አጭሯ የወደብ ጎታች መጥታ ተሳቢውን በፊቱ በኩል ታነሣና ወደ ኋላ እየገፋች በመወጣጫው ታስገባዋለች፤ ሠራተኞቹ የፊቱን ክብደት በብረት መደገፊያ ላይ ያሳርፉና ዙሪያውን በሰንሰለት ወጥረው ከወለሉ ጋር ያስሩታል። በማዶ ያለው ሾፌር በማግስቱ መጥቶ ያንኑ ተሳቢ ይጎትታል። ሾፌሮቹ ሁለቱም በዚያው ቀን ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ፤ ጎታቾቹም ባሕር ላይ ያለ ሥራ ከመቀመጥ ይድናሉ።

ባሕር ሁልጊዜ ያሸንፋል ብሎ መናገር ግን ትክክል አይደለም፤ ይህን የምለው ለጉዳዩ ከምር ስለማስብ ነው። መንገደኛና መኪና አንድ ላይ ጭኖ ከ20 ኖት በላይ የሚበር ፈጣን የማሻገሪያ መርከብ፣ በተለይ ግማሹ ባዶ ሲሆን፣ ለአንዱ ቶን ዕቃ የሚያወጣው ጋዝ ሙሉ ከጫነ መኪና ጋር ሊስተካከል ወይም ሊበልጥ ይችላል። ኮንቴይነሮችን በትንንሽና በትላልቅ ወደቦች መካከል የሚያመላልስ ትንሽ መጋቢ መርከብም ከግዙፉ የውቅያኖስ መርከብ በብዙ እጥፍ የበለጠ ነዳጅ ለአንዱ ቶን ያቃጥላል፤ እንደዚያም ሆኖ ከመኪናው ሊያንስ ይችላል፤ ነገር ግን የ7 ግራሙን ቁጥር ወስዶ ለእርሱ መስጠት ራስን ማታለል ነው። ርቀቱም መታየት አለበት። ከባርሴሎና ወደ ጣሊያኑ ቺቪታቬክያ ወደብ በየብስ የሚሄድ መኪና የፈረንሳይን ጠረፍ ተከትሎ ከ1,200 ኪሎ ሜትር በላይ ይነዳል፤ በባሕር ቀጥታው 800 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እዚህ ላይ ባሕሩ በርቀትም በነዳጅም ያተርፋል። ጠረፉ ቀጥ ያለና አውራ ጎዳናው አቋራጭ በሆነበት ቦታ ግን መርከቡ የመኪናውን አንድ ተኩል ወይም ሁለት እጥፍ ሊዞር ይችላል፤ ያኔ ስሌቱ እንደገና ይሠራል።

ትርፉ አብዛኛውን ጊዜ የሚባክነው በመጋጠሚያው ላይ ነው። መርከቡ በብዙ ሺህ ኪሎ ሜትር ላይ የቆጠበውን ወደቡ በር ላይ የሚጠብቁት መኪኖች ቀስ በቀስ ይመልሱታል። ጠዋት በሩ ሳይከፈት የሚሰለፉትን መኪኖች ማየት በቂ ነው፤ ሞተሮቹ አይጠፉም፤ ሰልፉ በየጥቂት ደቂቃው አንድ መኪና ርዝመት ይንቀሳቀሳልና ማጥፋቱም ለሾፌሩ አድካሚ ነው። ቆሞ የሚሠራ የከባድ መኪና ሞተር በሰዓት ከ2 እስከ 4 ሊትር ናፍጣ ይፈጃል። ሰነዱ ያልተሟላለት ሾፌር ከመስኮቱ ተመልሶ ሲወጣ ያ ሁሉ ጭስ ለከንቱ ሆነ ማለት ነው። ኮንቴይነሩ ከመርከብ ሲወርድ የሚፈለገው ሳጥን ከሌሎች አምስት ሳጥኖች ሥር ከሆነ ደግሞ ክሬኑ አምስቱንም አንሥቶ ማስቀመጥ አለበት። ተቀባዩ የትኛውን ሳጥን መቼ እንደሚወስድ ቀድሞ ቢናገርና የመግቢያ ሰዓት ቢቆረጥለት አብዛኛው ይቀራል። ይህ ሳይንስ አይደለም፤ የሥራ ሥርዓት ነው።

በባሕሩ በኩልም ተመሳሳይ ብክነት አለ፤ እንዲያውም ይህኛው ይበልጥ ያንገበግበኛል። መርከቦች በሙሉ ኃይላቸው እየነዱ መጥተው ወደቡ ስለተያዘ መልሕቅ ጥለው ለቀናት ይጠብቃሉ። ይህ የካፒቴኑ ጥፋት አይደለም። ብዙ የኪራይ ውሎች መርከቡ ሳይዘገይ በሙሉ ትጋት እንዲጓዝ ያስገድዱታል፤ መድረሻው መያዙን ቢያውቅም ቀስ ብሎ ቢሄድ ውሉን አፈረሰ ይባላል፤ ቀድሞ ደርሶ ቢጠብቅ ግን ዲመሬጅ፣ ማለትም የመጠበቂያ ካሣ፣ ሊከፈለው ይችላል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚባለው እዚህ ላይ በውል ተጽፎና ገንዘብ ተመድቦለት ይፈጸማል። በዓለም አቀፉ የማሪታይም ድርጅት ሥር በ2022 የወጣ የኮንቴይነር መርከቦች ጥናት፣ መርከቦች ጉዟቸውን በሙሉ ወደቡ በሚቀበላቸው ሰዓት ልክ ቢያስተካክሉ በአንድ ጉዞ በአማካይ 14 በመቶ ያህል ነዳጅ እንደሚቆጥቡ፣ በመጨረሻዎቹ 24 ሰዓታት ብቻ ቢያስተካክሉ እንኳ 6 በመቶ ገደማ እንደሚቆጥቡ አሳይቷል።

ይህ በተግባር የታየበትን አንድ አጋጣሚ ብዙ ጊዜ አነሣዋለሁ። በ2021 መገባደጃ በሎስ አንጀለስና በሎንግ ቢች ወደቦች ፊት ከ100 በላይ መርከቦች ተራ ይጠብቁ ነበር። የመልሕቅ ቦታው ሞልቶ የቀሩት ከጠረፉ አጠገብ ይንሳፈፉ ነበር። ተራ የሚያዘው እዚያ በመድረስ ስለነበር ሁሉም ለመቅደም ይሮጥ ነበር። በኖቬምበር ወር አጋማሽ ግን ደንቡ ተለወጠ፤ የመርከቡ ተራ የሚቆጠረው ከመጨረሻው ወደብ በተነሣበት ጊዜ ላይ ተመሥርቶ እንዲሆን ተደረገ። መርከቡ ተራውን ገና እስያ ሳለ ስለሚይዝ መሮጥ የሚያስፈልገው ነገር ቀረ፤ ውቅያኖሱን ቀስ ብሎ ማቋረጥ ቻለ፤ በጠረፉ ላይ የነበረው መጨናነቅና ጭስም በፍጥነት ቀነሰ። አንድም መርከብ አልተለወጠም፤ አንድም አዲስ ክሬን አልተተከለም። ተራ የሚያዝበት ሥርዓት ብቻ ነው የተቀየረው።

ተቃራኒውን ደግሞ ከ2023 መጨረሻ ጀምሮ አየን። በቀይ ባሕር በመርከቦች ላይ በደረሰው ጥቃት የተነሣ ከእስያ ወደ አውሮፓ የሚሄዱት ታላላቅ መርከቦች ስዊዝን ትተው በመልካም ተስፋ ርእሰ ምድር መዞር ሲጀምሩ መንገዱ ከ3,000 ኖቲካል ማይል (ከ5,500 ኪሎ ሜትር) በላይ ረዘመ። ርዝመቱ በራሱ ነዳጅ ይጨምራል፤ ነገር ግን ብዙ መርከቦች የጠፋውን ቀን ለማካካስ ፍጥነትም ጨመሩ፤ ከላይ የተናገርኩት የፍጥነት ሕግ እዚህ ላይ በተቃራኒው ሠራ። መድረሱ አሳስቧቸው ከፊሉን ዕቃቸውን ወደ አየር ያዞሩ ላኪዎችም ነበሩ። ጭነቱን ከቀጠሮው ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ ያስነሣ ላኪ ግን ይህ ሁሉ አልነካውም።

መንግሥታት የመንገድ ጭነትን ወደ ባሕር ለማዞር ያደረጉት ጥረት ውጤቱ የተለያየ ነው። የአውሮፓ ኅብረት ከ2003 እስከ 2013 በማርኮ ፖሎ ፕሮግራም ለዚህ ተብሎ ገንዘብ ይሰጥ ነበር፤ የኅብረቱ የኦዲት ፍርድ ቤት በ2013 ሲመረምረው ግን ፕሮግራሙ ውጤታማ አልነበረም ብሎ ደመደመ፤ ከተደገፉት ሥራዎች መካከል ያለ ድጋፉም ይሠሩ የነበሩ እንዳሉ ተገኘ። እኔ እንደሚገባኝ ድጎማው የመርከቡን ዋጋ ቢቀንስም የላኪውን የጊዜ ልማድ አልነካም። ጃፓን የገባችበት መንገድ ሌላ ነው። ከኤፕሪል 2024 ጀምሮ የከባድ መኪና ሾፌሮች ትርፍ ሰዓት በዓመት ከ960 እንዳይበልጥ በሕግ ተወሰነ። አንድ ሾፌር ሌሊቱን ሙሉ ነድቶ ከዳር እስከ ዳር የሚያደርሰው ጭነት በዚህ ምክንያት የሚያደርሰው አጣ፤ መንግሥትም በባቡርና በማሻገሪያ መርከብ የሚሄደው ጭነት በአሥር ዓመት ገደማ እጥፍ እንዲሆን አቀደ። ረጅሙን መንገድ ወደ ባሕር የሚገፋው እዚያ የሾፌሩ ዕረፍት ነው። ሰው ሲያርፍ አየሩም አብሮ የሚያርፍበት ሁኔታ መኖሩ ለእኔ ከዚህ ጉዳይ ሁሉ ይበልጥ የሚያስደስተኝ ነው።

ዋጋ ማስከፈልም ጥንቃቄ ይፈልጋል። የአውሮፓ ኅብረት ከ2024 ጀምሮ ትልልቅ መርከቦችን በካርቦን ገበያው፣ ማለትም ለለቀቁት ጋዝ የልቀት ፈቃድ ገዝተው በሚያስረክቡበት ሥርዓት፣ ውስጥ አስገብቷል፤ ለ2024 ልቀታቸው 40 በመቶ፣ ለ2025 70 በመቶ፣ ከ2026 ጀምሮ ለሙሉው ፈቃድ ያቀርባሉ። ውሳኔው ትክክል ነው ብዬ አምናለሁ። ነገር ግን መርከቡ ሲገባ የጭነት መኪናው ናፍጣ በዚያው ገበያ ውስጥ አልነበረም። በአጭር የባሕር መስመር ላይ የመርከቡና የመኪናው ዋጋ ልዩነት ጠባብ ስለሆነ፣ ንጹሑ መንገድ ብቻ ሲወደድ ተሳቢዎች ተመልሰው አስፋልት ላይ ሊወጡ ይችላሉ። ሁለቱን በአንድ ሚዛን ላይ ያላስቀመጠ ዋጋ የታሰበለትን ሊያበላሽ ይችላል።

ስለ አዳዲስ ነዳጆች ሰዎች ሲጠይቁኝ የምመልሰው ከጊዜው ጉዳይ ጋር አያይዤ ነው። በ2023 በሜታኖል የሚሠራው የመጀመሪያው የኮንቴይነር መርከብ «ላውራ ማርስክ» ሥራ ጀመረ፤ ሌሎችም ተከትለዋል። ሜታኖል ግን በክብደት ሲለካ ከተለመደው የመርከብ ነዳጅ ግማሽ ያህል ኃይል ብቻ ነው ያለው፤ በንጹሕ መንገድ የሚመረተውም ገና ጥቂትና ውድ ነው። ነዳጁ ውድ ሲሆን በዝግታ የሚሄድ መርከብ ብቻ ነው የሚችለው። በመንገዱ በኩል ያለው ተስፋ ቅርብ ነው። በባትሪ የሚሠራ ከባድ መኪና ለረጅም መንገድ ገና ብዙ ክርክር አለበት፤ ከወደቡ እስከ መጋዘኑ ላለው ጥቂት አሥር ኪሎ ሜትር ግን ምቹ ነው፤ ማታ ወደ ግቢው ይመለሳል፤ ቻርጅ ይደረጋል። ባሕሩ ረጅሙን ከወሰደለት ለመኪናው የሚቀረው ልክ ባትሪ የሚችለው ርቀት ነው። ኖርዌይ ውስጥ «ያራ ቢርክላንድ» የተባለችው፣ 120 ባለ 20 ጫማ ኮንቴይነር የምትይዝ፣ በባትሪ ብቻ የምትሠራ መርከብ ከ2022 ጀምሮ ከማዳበሪያ ፋብሪካው ወደ ብሬቪክ ወደብ ትመላለሳለች፤ የተሠራችውም በዓመት እስከ 40,000 የሚደርስ የናፍጣ መኪና ጉዞ እንድታስቀር ታስቦ ነው። መንገዱ አጭር፣ ጭነቱ የታወቀ፣ ፍጥነቱ ዝግ ያለ ስለሆነ ባትሪው በቃ።

ዓለም አቀፉ የማሪታይም ድርጅት በጁላይ 2023 ባሻሻለው ስትራቴጂ በ2050 ወይም በዚያ አካባቢ የባሕር ማጓጓዣ የተጣራ ልቀት ዜሮ እንዲሆን ተስማምቷል፤ ለዚህ የተዘጋጀው አስገዳጅ ማዕቀፍ ግን በኦክቶበር 2025 ድምፅ ሊሰጥበት ሲጠበቅ ለአንድ ዓመት ተላለፈ። ይህ ያሳዝነኛል። መርከብ አንድ ጊዜ ከተሠራ ከ20 እስከ 30 ዓመት ያገለግላልና ዛሬ የሚታዘዘው መርከብ በ2050 ባሕር ላይ ሊገኝ ይችላል። ማዕቀፉ እስኪጸድቅ ድረስ በእጃችን ያለው ነገር የማድረሻው ቀን ነው፤ እሱን ለማስፋት የማንም ድምፅ አይጠበቅም።

አዎን፣ ጊዜ በነጻ አይገኝም። መርከብ ላይ ሦስት ሳምንት የሚቆይ ዕቃ ሦስት ሳምንት የታሰረ ገንዘብ ነው፤ በብድር የሚሠራ ነጋዴ ወለዱን ይከፍልበታል። ትልቁ ድርጅት መጋዘን ሞልቶ ሊጠብቅ ይችላል፤ ትንሹ አይችልም። መድኃኒትና ቶሎ የሚበላሽ ምግብም የራሳቸው ሰዓት አላቸው። ስለዚህ ደንበኛን ስለ ፍጥነት መውቀስ ለእኔ ተገቢ ሆኖ አይታየኝም። የማደርገው አንድ ነገር አለ፤ በቅጹ ላይ በአንዱ ቀን ፋንታ ሁለት ቀን እጠይቃለሁ፤ ዕቃው እንዲደርስ የሚፈለግበትን ቀንና ከዚያ ቢዘገይ በእርግጥ ጉዳት የሚጀምርበትን ቀን። ሁለቱ ብዙ ጊዜ አይገናኙም። በመካከላቸው ያለው ክፍተት አንዳንዴ ተሳቢውን ከመንገድ አንሥቶ መርከብ ላይ ለማስገባት ይበቃል፤ አንዳንዴ ግማሽ የሞላውን መኪና ከሌላ ላኪ ዕቃ ጋር ለመሙላት ብቻ ይሆናል። በማቅረቢያው ላይ ከእያንዳንዱ ቀን አጠገብ ዋጋውን፣ ከዋጋው ቀጥሎ ደግሞ ልቀቱን እጽፋለሁ፤ በ2023 የወጣው አይሶ 14083 የተባለው ዓለም አቀፍ የማጓጓዣ ልቀት ስሌት መስፈርት ባዶ ጉዞውም እንዲቆጠር ስለሚያዝ የመመለሻው ናፍጣ ከስሌቱ አይቀርም። የሚቀረኝ ትልቁ ሥራ ለትንሹ ነጋዴ ነው። ዕቃው ባሕር ላይ እያለ የሚታሰርበትን ገንዘብ ወለድ ማን እንደሚሸከምለት ካልተፈታ፣ ሁለተኛውን ቀን ቢያውቀውም ሊጽፈው አይችልም።